የአጥንት ዓሣ በምን ይለያል? ለምንስ እንዲህ በዛ?

ጥያቄ፦ ሻርክ አጽሙ ልም አጥንት ስለሆነ የአጥንት ዓሣ አይደለም ይባላል። ስተርጅን የሚባለው ትልቅ ዓሣም ግን አጽሙ በአብዛኛው ልም አጥንት ነው፤ እሱን ከአጥንት ዓሦች ጋር ይመድቡታል። የባሕር ፈረስ ደግሞ ከናካቴው ዓሣ አይመስልም፤ እሱም እዚያው ነው። ታዲያ የአጥንት ዓሣ መለያው ምንድን ነው? ዓይነቱስ ለምን ይህን ያህል በዛ?

መልስ፦ ስተርጅንን ማንሳትዎ ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ትምህርት የሚሰጠው በአንድ መስመር ነው። አጥንት ያለው የአጥንት ዓሣ፣ ልም አጥንት ያለው የሻርክና የስቲንግሬይ (የጠፍጣፋው ባለረጅም ጭራ ዓሣ) ወገን፣ አለቀ። ልም አጥንት ማለት ጆሯችንና የአፍንጫችን ጫፍ የተሠሩበት ተጣጣፊ ነገር ነው። ለፈተና ይበቃል። ስተርጅን ጋ ሲደርስ ግን መስመሩ ይበጠሳል። የእኔ ምክር አጭር ነው፤ አከርካሪውን ለጊዜው ይተዉትና ጭንቅላቱን ይዩ። የአጥንት ዓሣ ማንነቱ በይበልጥ የሚነበበው እዚያ ላይ ነው። የመብዛቱም ምክንያት ትልቁ ድርሻ እዚያው፣ አፉ ላይ ይገኛል።

በሕይወት ያለ ዓሣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ካገኙ፣ ከዓይኑ ኋላ ያለውን ቦታ ልብ ብለው ይመልከቱ። በግራም በቀኝም ጠንካራ ክዳን አለ። አፉ ሲከፈት ክዳኑ ይገጥማል። አፉ ሲዘጋ ክዳኑ ፈቀቅ ይልና ውኃው በኋላ በኩል ይወጣል። እንዲህ እያለ ያለማቋረጥ ይሠራል። ይህ የስንጥብ ክዳን ይባላል፤ ከጥቂት ጠፍጣፋ አጥንቶች የተሠራ ነው። ከሥሩ ቀያዮቹ ስንጥቦች አሉ። ዓሣ ከውኃ ኦክስጅን የሚስበው በእነሱ ነው። ክዳኑ ስንጥቡን ከጉዳት ይጠብቃል፤ ትልቁ ሥራው ግን ፓምፕነቱ ነው። አፍ ከፊት ይገፋል፣ ክዳን ከኋላ ይስባል። ስለዚህ የአጥንት ዓሣ ሳይንቀሳቀስ፣ አንድ ቦታ ቆሞ መተንፈስ ይችላል።

ሻርክ ክዳን የለውም። በአንገቱ ጎንና ጎን 5 ስንጥቆች በግልጽ ተደርድረው ይታያሉ። 6 ወይም 7 ያላቸው ዝርያዎችም አሉ። የባሕር ወለል ላይ ተኝተው ውኃ በአፋቸው እየሳቡ የሚተነፍሱ ሻርኮች ባይጠፉም፣ ከፈጣኖቹ ዋናተኞች ብዙዎቹ ለመተንፈስ ወደ ፊት መዋኘት ግድ ይላቸዋል።

አሁን የእርስዎን ሁለት ዓሦች እንፈትናቸው። ስተርጅን ክዳን አለው። የባሕር ፈረስም አለው፤ መውጫው ብቻ ጠባብ ቀዳዳ ሆኗል። እባብ የሚመስለው ኢል እንኳ አለው፤ ከቆዳው ሥር ስለተሸሸገ ነው የማይታየን።

ሁለተኛው ምልክት የመንጋጋው ጠርዝ ነው። የአጥንት ዓሣ ጥርስ የሚበቅለው ከአፉ ዙሪያ ባሉ አጥንቶች ላይ ሲሆን ከአጥንቱ ጋር የተያያዘ ነው። የሻርክ ጥርስ ግን ልም አጥንቱን በሸፈነው ሥጋ ላይ በረድፍ ተሰካክቶ ይቀመጣል፤ የፊተኛው ሲወልቅ የኋለኛው ይተካል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። የእኛ የሰዎች የላይኛው ጥርሶች የተተከሉባቸው አጥንቶች የዓሣው የላይኛው መንጋጋ አጥንቶች ራሳቸው ናቸው፤ በዘር ወርደው የደረሱን። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው ክንፍ ነው። የአጥንት ዓሣ ክንፍ በቀጫጭን የአጥንት ዘንጎች የተወጠረ ቆዳ ነው። ዘንጎቹ በሥራቸው ጡንቻ ስላላቸው ዓሣው ክንፉን ይዘረጋል፣ ያጥፋል፣ አንዱን ጠርዝ ብቻ ያውለበልባል። ወደ ኋላ መሄድ፣ ባለበት መቆም፣ በጠባብ ቦታ መዞር ለብዙዎቹ ቀላል ነው። የሻርክ ክንፍ ግን ደንዳና ነው፤ ይቀዝፋል እንጂ እንዲህ አይታጠፍም።

ቅርፊትን ሰዎች ዋና መለያ አድርገው ያነሱታል፤ እኔ ግን ብዙ አልተማመንበትም። እርግጥ የሻርክ ቅርፊት ሌላ ነገር ነው። ትንንሽ ጥርስ የሚመስል፣ ከጭራ ወደ ጭንቅላት ሲዳሰስ የሚሻክር። የአጥንት ዓሣው ቅርፊት ስስ ሆኖ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባል። የአንዳንዱ ጠርዝ ልሙጥ ነው፤ የሌላው ጥቃቅን እሾህ አለው። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት በላዩ ክብ ክብ መስመሮች አሉ፤ ዕድሜ የሚገመተው በእነሱ ነው። ነገር ግን አምባዛ ጭራሽ ቅርፊት የለውም። የባሕር ፈረስ በቅርፊት ፈንታ የአጥንት ሰሌዳዎች ለብሷል። ጋር የሚባለው የሰሜንና የመካከለኛው አሜሪካ ዓሣ ደግሞ እንደ ጥርስ በሚያብረቀርቅ ንብር የተቀባ ወፍራም ቅርፊት ይዟል። ቅርፊት ፍንጭ ይሰጣል፤ ፍርድ አይሰጥም።

አራተኛው ምልክት በሆድ ውስጥ ያለ ነው፤ የአየር ከረጢት። ከአከርካሪው በታች የተዘረጋ፣ ጋዝ የያዘ ስስ ከረጢት ነው። የዓሣ ሥጋና አጥንት ከውኃ ይከብዳል። ምንም ካልተደረገ ዓሣው ይሰጥማል፤ ወይም እንዳይሰጥም ዕድሜ ልኩን ሲዋኝ ይኖራል። ከረጢቱ ይህን ክብደት ያካክሳል። ከሰውነቱ መጠን በባሕር ዓሣ 5 በመቶ፣ በጣፋጭ (ጨው አልባ) ውኃ ዓሣ 7 በመቶ ገደማ ቢይዝ ነው፤ ይቺ ታህል ጋዝ ግን ዓሣውን ያለ ድካም ታንሳፍፈዋለች። ሻርክ ከረጢት የለውም። እሱ በዘይት በተሞላ ትልቅ ጉበቱ ነው ክብደቱን የሚያቀልለው።

ከረጢቱ እንዴት ይሞላል? ሁለት መንገድ አለ። እንደ ካርፕና ሳልሞን ያሉት ከጉሮሯቸው የሚነሳ ቱቦ ስላላቸው ከውኃው ገጽ አየር ይጎነጫሉ። እንደ ቆሮሶና ፐርች ያሉት ይህ ቱቦ ሲያድጉ ተዘግቶባቸዋል። እነዚህ ጋዙን የሚያወጡት ከደማቸው ነው። ከረጢቱ ላይ ያለ ዕጢ አሲድ ይለቅቃል፤ ደሙ አሲድ ሲነካው የያዘውን ኦክስጅን ይለቅቃል፤ ኦክስጅኑም ወደ ከረጢቱ ይገባል። እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ጎን ለጎን ተጠላልፈው ጋዙ እንዳያመልጥ ይመልሱታል። በዚህ ዘዴ ጥልቅ ውኃ ውስጥ፣ ያን ሁሉ ግፊት ተቋቁሞ ከረጢት መሙላት ይቻላል።

ዘዴው ዋጋ አለው። ከ30 ሜትር ጥልቀት ቱቦ የሌለውን ዓሣ በፍጥነት ወደ ላይ ቢስቡት ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ጋዙ 4 እጥፍ ይሰፋል። ጋዙ በደም በኩል ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ለዚያ ጊዜ አላገኘም። ከረጢቱ ተነፍቶ ጨጓራውን በአፉ በኩል ሲገፋው ማየት ያሳዝናል። ዓሣውን መልሰው ቢለቁት እንኳ ውኃው ገጽ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ መጥለቅ ያቅተዋል።

ይህ ከረጢት ከየት መጣ የሚለው ደግሞ ደስ የሚል ታሪክ አለው። ዳርዊን የአየር ከረጢት ተለውጦ ሳንባ ሆነ ብሎ ነበር። ዛሬ ማስረጃው የሚያመለክተው ተገላቢጦሹን ነው። ሳንባው ነው የቀደመው። የጥንቶቹ የአጥንት ዓሦች ኦክስጅን በሚያጥረው ውኃ ውስጥ አየር ይስቡበት ነበር፤ በኋላ በብዙዎቹ ላይ ወደ መንሳፈፊያነት ተቀየረ። ፖሊፕተረስ የተባለው የአፍሪካ ወንዞች ዓሣ እስከ ዛሬ ጥንድ ሳንባ አለው። የባሕር ወለል ላይ የሚኖሩት እንደ ሶል ያሉ ጠፍጣፋ ዓሦች ደግሞ ሲያድጉ ከረጢቱን ጨርሶ ያጡታል። መንሳፈፍ ምን ይሠራላቸዋል?

እንግዲህ ወደ ስተርጅን። ጭንቅላቱ በአጥንት ሰሌዳ ተሸፍኗል። የስንጥብ ክዳን አለው። የአየር ከረጢት አለው። በጀርባውና በጎኑ 5 ረድፍ የአጥንት ጋሻ ተሰልፏል። የጎደለው የውስጥ አጽሙ አጥንት መሆን ብቻ ነው። የጥንት ዘመዶቹ ከሱ የበለጠ አጥንት ነበራቸው፤ በእሱ መስመር አጽሙ ወደ አጥንትነት መጠንከሩን ቀስ በቀስ ተወ። ስለዚህ የአጥንት ዓሣ ዘር ሆኖ አጥንቱን ያጣ ነው። እንዲያውም ሻርኮች ራሳቸው አጥንት ከነበራቸው ቅድመ አያቶች የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከሞንጎሊያ የተገኘ የ410 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቅሪተ አካል ሪፖርት ተደርጎ ነበር። ዓሣው ሻርክና የአጥንት ዓሣ ከመለያየታቸው በፊት ከተገነጠለ ወገን ነው። የራስ ቅሉ ውስጥ ግን የአጥንት ዓሦች ብቻ ነው ይባል የነበረው ዓይነት አጥንት ተገኘ። ልም አጥንት ኋላ ቀርነት ነው የሚለው የቆየ አባባል ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬ ውስጥ ገብቷል።

የአጥንት ዓሦች ሁለት ትልልቅ ቤተሰብ ናቸው። አንደኛው ባለዘንግ ክንፍ ነው። ቆሮሶው፣ ሳልሞኑ፣ ቱናው፣ ኢሉ፣ የባሕር ፈረሱ፣ ስተርጅኑም ጭምር እዚህ ነው። ሁለተኛው ባለሥጋ ክንፍ ነው። የእነዚህ ክንፍ ከሰውነቱ የሚወጣው በአጥንትና በጡንቻ በተሞላ ጉቶ ላይ ነው። ዛሬ በውኃ ውስጥ የቀሩት 8 ዝርያዎች ብቻ ናቸው፤ 6 ሳንባ ዓሦችና 2 ሲላካንቶች። ከሳንባ ዓሦቹ 4ቱ በአፍሪካ፣ 1 በደቡብ አሜሪካ፣ 1 በአውስትራሊያ ይኖራሉ። ሲላካንት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የጠፋ ተብሎ በቅሪተ አካል ብቻ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1938 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ማርጆሪ ኮርትኔይ-ላቲመር የተባለች የሙዚየም ባለሙያ ከዓሣ አጥማጆች ክምር መሃል አንዱን ለየችው። የዝርያዋ ሳይንሳዊ ስም ላቲሜሪያ የሆነው በእሷ ነው። ሁለተኛው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢንዶኔዥያ፣ ሱላዌሲ አካባቢ ተገኘ።

ስምንት መባሉ ግን የወሬው ግማሽ ብቻ ነው። ከዚህ ከሁለተኛው ቤተሰብ አንዱ መስመር ወደ የብስ ወጥቷል። በጉቶው ውስጥ የነበሩት አጥንቶች የክንድና የጭን አጥንት ሆኑ። እንቁራሪቱ፣ እባቡ፣ ወፉ፣ ላሙ፣ እኛም የዚያ መስመር ነን። በካናዳ አርክቲክ የተገኘውና 375 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ቲክታሊክ ቅርፊትና ስንጥብ ነበረው፤ ነገር ግን አንገትና አንጓ መሳይ አጥንትም ነበረው። ሳንባ ዓሣ ለቆሮሶ ከሚቀርበው ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ለብዙ ሰው ይህ አይዋጥለትም። በዘር ሐረግ ከሄድን ግን ሐቁ ይኸው ነው።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄዎ፤ ለምን በዙ? ባለዘንግ ክንፎቹ ከ30,000 በላይ ዝርያ አላቸው። የጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት ሁሉ ግማሽ ገደማ ማለት ነው። የሻርክና የስቲንግሬይ ወገን ከ1,200 ጥቂት ቢያልፍ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ባለዘንግ ክንፎቹም ውስጥ እኩል የበዙ አይደሉም። ጥንታዊዎቹ፣ ማለትም ስተርጅኖቹ፣ ጋሮቹ፣ ፖሊፕተረሶቹ፣ ተደምረው 100 ዝርያ አይሞሉም። የቀረው ሁሉ ቴሌኦስት የሚባል የአንድ ቡድን ነው። ስለዚህ የሚሻለው ጥያቄ ቴሌኦስቶች ምን አገኙ የሚለው ነው።

አንድ ምክንያት ብቻ የሚነግርዎትን ሰው አይመኑ። የቴሌኦስቶች ቅድመ አያት መላ የዘር መመሪያው በእጥፍ ተባዝቶ ነበር፤ ይህ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሆነ ነው፤ ለለውጥ ትርፍ ጥሬ ዕቃ ሰጥቷል የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ብዝኃነቱ የፈነዳው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ስለሆነ እኔን ብቻውን አያሳምነኝም። የእኔ ሚዛን የሚያጋድለው ወደ አፋቸው ነው።

በውኃ ውስጥ መብላት ከባድ ነው። አፍዎን ከፍተው ወደ ምግቡ ሲወረወሩ ከፊትዎ ያለው ውኃ ምግቡን ይገፋዋል። መፍትሔው መሳብ ነው። የብዙው ቴሌኦስት አፍ ሲከፈት የላይኛው መንጋጋ የፊት አጥንት ከጭንቅላቱ ተላቅቆ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ አፉ ድንገት ቱቦ ይሆናል። በዚያው ቅጽበት የጉንጩና የጉሮሮው ወለል ይሰፋል። ውጤቱ እንደ ሲሪንጅ ነው፤ ውኃው ምግቡን ይዞ ይገባል፣ ከዚያ ውኃው በስንጥብ በኩል ይወጣል። ሁሉም ነገር የሚያልቀው ከሰከንድ በጣም ባነሰ ጊዜ ነው፤ በዓይን ለመከታተል አይመችም። በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖስ ኮራል ላይ የሚኖር አንድ ዓሣ ሰውነቱን ሳያንቀሳቅስ መንጋጋውን ብቻ የጭንቅላቱን ርዝመት ከግማሽ በላይ ይወነጭፋል። የባሕር ፈረስ ያ ረጅም አፍንጫ መሳይ ነገሩም አፍ ነው፤ ጥቃቅን ክሩስታሴዎችን (የሽሪምፕ ወገኖችን) የሚመጥበት።

ይህም አልበቃቸው። ጉሮሯቸው ውስጥ ሁለተኛ መንጋጋ አላቸው፤ ከስንጥብ ቅስት የተሠራ። ሞሬይ ኢል ጠባብ ዋሻ ውስጥ ስለሚኖር አፉን አስፍቶ መሳብ አይመቸውም። ስለዚህ የፊት መንጋጋው ነክሶ ሲይዝ የጉሮሮው መንጋጋ ወደ ፊት ተስፈንጥሮ ታዳኙን ወደ ውስጥ ይጎትታል። ይህን በቪዲዮ አረጋግጠው ያሳተሙት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

በሲክሊዶች፣ ማለትም በእነ ቆሮሶ ቤተሰብ፣ ሁለቱ መንጋጋዎች ሥራ ተከፋፍለዋል። ማድቀቁን የጉሮሮው ከያዘው የፊተኛው እንደ ፈለገ መለወጥ ይችላል። አንዱ አልጌ ይፍቃል፣ አንዱ ቀንድ አውጣ ይሰብራል፣ አንዱ የሌላውን ዓሣ ጫጩት መጦ ይበላል። በታንጋኒካ ሐይቅ የሌሎችን ዓሦች ቅርፊት እየነጨ የሚኖር ዝርያ አለ። አፉ ወይ ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ የተጣመመ ነው። ወደ ቀኝ የተጣመመው ከኋላ መጥቶ የታዳኙን ግራ ጎን ይነጫል፤ ወደ ግራ የተጣመመው ቀኙን። ቪክቶሪያ ሐይቅ ከ15,000 ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ ነበር፤ ዳግም ከሞላ ወዲህ 500 ያህል የሲክሊድ ዝርያ አፍርቷል። በዝግመተ ለውጥ ሚዛን ይህ የዓይን ጥቅሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ናይል ፐርች ወደ ሐይቁ ሲገባ ከነዚህ ብዙዎቹ መጥፋታቸው ልብ ይሰብራል።

ሌላው ምክንያት መልክዓ ምድር ነው። ከዓሣ ዝርያዎች ግማሽ ገደማ የሚኖሩት በጣፋጭ ውኃ ነው፤ ወንዝና ሐይቅ ግን ከምድር ገጽ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚሸፍነው። በአንድ ፏፏቴ የተለያዩ ሁለት ወንዞች ለዓሣ ሁለት ዓለም ናቸው። ሺህ ዓመታት ሲያልፉ ሁለት ዝርያ ይሆናሉ።

የመልካቸውን ስፋት ለማየት ጥቂት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከአዞረስ ደሴቶች አጠገብ ሞቶ የተገኘ ሳንፊሽ 2,744 ኪሎ መዝኗል፤ እስከ ዛሬ ከተመዘኑት የአጥንት ዓሦች ከባዱ ነው። በሱማትራ ረግረግ የምትኖር ፔዶሳይፕሪስ ደግሞ በ7.9 ሚሊሜትር ለአቅመ ሔዋን ትደርሳለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ከጃፓን ወጣ ብሎ ባለ ሸለቆ በ8,336 ሜትር ጥልቀት አንድ ስኔይልፊሽ በካሜራ ታይቷል። በአንታርክቲካ ያሉት አይስፊሾች ሄሞግሎቢን (ደምን የሚያቀላና ኦክስጅን የሚሸከም ፕሮቲን) የላቸውም፤ ደማቸው ውኃ ይመስላል። በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ብዙ ኦክስጅን ስለሚይዝ ይበቃቸዋል፤ ደማቸው በረዶ እንዳይሆንም የሚከላከል ፕሮቲን አላቸው። ጠፍጣፋው ሶል ሲፈለፈል እንደማንኛውም ዓሣ ግራና ቀኝ ዓይን ነበረው፤ ሲያድግ አንደኛው ዓይን ጭንቅላቱን ዞሮ ወደ ሌላኛው ጎን ይሻገራል። ኦፓ የሚባለው ዓሣ መላ ሰውነቱን ከአካባቢው ውኃ አሙቆ ይኖራል፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ክላውንፊሽ ወንድ ሆኖ ይጀምርና ሴቷ ስትሞት ሴት ይሆናል። በባሕር ፈረስ ደግሞ የሚያረግዘው ወንዱ ነው።

በመልክ መፍረድ እዚህ ላይ ያሳስታል። 860 ቮልት የተለካበት ኤሌክትሪክ ኢል ለምሳሌ ከእውነተኞቹ ኢሎች ይልቅ ለአምባዛ የቀረበ ነው። ሁለቱም ግን የአጥንት ዓሦች ናቸው፤ መንጋጋ አላቸው፣ ክዳን አላቸው። ኢል መስሎ አፉ ክብ ከሆነ፣ መንጋጋ ከሌለው፣ በጎኑም 7 ክብ ቀዳዳ ከደረደረ ግን ላምፕሬይ ነው፤ ከአጥንት ዓሣም ከሻርክም ወገን አይደለም።